አንዲት «ና» የጎደለችበት ፖስትካርድ

አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን አለ። ውስጡ 1,700 የሚጠጋ ፖስትካርድ ተኝቷል። እናቴ አንዱን የቡፌው እግር እንዳይወዛወዝ ደግፋበታለች። ሌላ ጥቅም ለረጅም ጊዜ አልተገኘለትም ነበር። ለእሱ ባወጣሁት ብር ጥሩ ስፒከር እገዛ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ልደት ማጫወት፣ ፊት ላይ መሳል፣ በፊኛ ማስዋብ ወይም ጃምፒንግ (ልጆች የሚዘሉበት በአየር የሚነፋ መጫወቻ) ማከራየት ጀምራችሁ «እስቲ ካርድ ላሳትም» ለምትሉ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አሳትሜ ሦስቴም ተሳስቻለሁ። አራተኛው ነው ሥራ ያመጣልኝ።

ኬጂ አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የተማሪዎቼ ወላጆች ለልደት ይጠሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀለምና ብሩሽ ብቻ ይዤ ነበር የምሄደው። ቀጥሎ የእጅ አሻንጉሊቶች ጨመርኩ፤ ከዚያ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ጃምፒንግ ገዛን። ዕዳው ሲመጣ በአፍ ለአፍ ብቻ መኖር እንደማይቻል ገባኝ። ቢዝነስ ካርድ ቦርሳ ውስጥ ይጠፋል። ወረቀት ብትበትኑ ደግሞ መንገድ ላይ ይጣላል። ፖስትካርድ ግን ጠንከር ያለ ነው፣ ሥዕል አለው፣ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። በእኛ አገር እንደ ውጭው በፖስታ በየቤቱ አይገባም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ ፖስተኛዋም እኔው ነኝ። ይህንን መጀመሪያ ባስብበት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

የመጀመሪያውን ካርድ በወንድሜ ላፕቶፕ፣ በፓወርፖይንት፣ በአንድ ሌሊት ሠራሁት። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። አሥራ አንድ ፎቶ አለው። አምስት ዓይነት ፎንት አለው። የምሠራውን ሁሉ፣ ልሠራ ያሰብኩትን ጭምር፣ ደርድሬዋለሁ። ከላይ በትልቁ «ልጆችዎን እናዝናናለን» ይላል። ማለት ነበረበት።

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ሲከፍተው አማርኛው በሙሉ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ መጣ። እኔ የተጠቀምኩት ፎንት እነሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። «ችግር የለም፣ እኛ እንጽፈዋለን» አለኝ። ደስ አለኝ። በማግስቱ የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አራተኛ ሆኜ። ስልኬን ገልጬ ቀለሙን አየሁ፣ ስልክ ቁጥሩን አየሁ፣ «እሺ፣ ይታተም» ብዬ መለስኩ።

ሁለት ሺህ ካርድ ታትሞ መጣ። ደማቅ ሮዝ ያልኩት ቀይ ሥር የነካው ውሃ መስሏል። እሱስ ይሁን። ካርዱን ለሳምንት ያህል ስበትን ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ አንድ አባት ደወሉ። ረጋ ያለ ድምፅ ነው። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እናንተ የልጆች አጫዋች ናችሁ ወይስ ዕድር?»

ካርዱን አነሳሁት። «ልጆችዎን እናዝናለን።»

አንዲት «ና» ጎድላለች። እናዝናናለን ያልነው እናዝናለን ሆኗል። በዚያ ሁሉ ፊኛና ከረሜላ መሀል፣ ዙሪያውን አበባ አድርጌለት፣ ልክ የሐዘን መግለጫ መስሏል። ሰውየው ስቀው ለልጃቸው ልደት ቀጠሩኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እኅቴ ማርከር ይዛ መጣች። ወለል ላይ ተቀምጠን በፊደሎቹ መሀል ከላይ «ና» እየጨመርን እስከ እኩለ ሌሊት ሠራን። ካርዱ በሁለቱም በኩል የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን፣ ማለትም የፕላስቲክ ሽፋን፣ ነበረው። ቀለሙ አይደርቅም። አንዱን ካርድ በሌላው ላይ ስንደራርበው ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሁለት መቶ ያህል ካበላሸን በኋላ ተውነው። የካርቶኑ ታሪክ ይኸው ነው።

ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ፋይላችሁን ለማተሚያ ቤት ስትሰጡ አማርኛው ወደ ከርቭ የተለወጠ ይሁን። ያኔ ጽሑፉ ሥዕል ይሆናል፣ ማንም ጋ ቢከፈት አይለወጥም። ፎንቱ አብሮት የገባ ፒዲኤፍም ይሠራል። ማንም «እኛ እንጽፈዋለን» ካላችሁ ቆም በሉ። ከተጻፈ ደግሞ በወረቀት የታተመ አንድ ናሙና ሳታዩ እሺ አትበሉ። ናሙናውን እናንተ አታንብቡት። እናንተ የምታነቡት ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን ነው፤ እኔ ያቺን «ና» በዓይኔ አይቻታለሁ ብዬ እምል ነበር። ለሌላ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከተቻለ ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ ወደ ኋላ። ስልክ ቁጥሩንም ከማየት ይልቅ ከወረቀቱ ላይ እያነበባችሁ ደውሉበት።

ቀለሙም ምክንያት ነበረው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ ማሽን ደግሞ በአራት ቀለም፦ በሰማያዊ፣ በሮዝ፣ በቢጫና በጥቁር። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦገው ሮዝና አረንጓዴ በእነዚያ አራት ቀለሞች አይገኝም። ፋይሉ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚሁ በአራቱ ቀለሞች፣ ቢሠራ ምን እንደሚጠብቀኝ ቀድሜ አይ ነበር። ፎቶዎቹም ደብዝዘው ነበር፣ ምክንያቱም ወላጆች በቴሌግራም የላኩልኝን ነው የተጠቀምኩት፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው። የተለመደው ፖስትካርድ 14.8 በ10.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥርት ብሎ እንዲታተም ረጅሙ ጎን ወደ 1,748 ፒክስል ይፈልጋል። ፎቶ ስታስልኩ «በፋይል ላኩልኝ» በሉ። በየጎኑ ለመቁረጫው 3 ሚሊሜትር ትርፍ ተዉ፣ ጽሑፍም ወደ ጠርዙ አታስጠጉ። የእኔ ካርድ ላይ አንድ ልጅ ጆሮው ተቆርጧል።

ሁለተኛውን በጥንቃቄ ሠራሁት። ሦስት መቶ ብቻ፣ ከኮምፒውተር በቀጥታ በሚያትም ዲጂታል ማሽን። ብዙ ሰው «ሺህ ካሳተምሽ አንዱ ይረክሳል» ይላችኋል። እውነት ነው፤ በብዛት የሚታተምበት የኦፍሴት ማሽን ፕሌቱ (ማተሚያ ሰሌዳው) አንዴ ከተሠራ በኋላ ብዛት በጨመረ ቁጥር አንዱ ካርድ ይረክሳል። የማይሠራ ካርድ ግን ሺህ ቢሆን ምን ይረባል? መጀመሪያ ትንሽ አሳትማችሁ ሞክሩት።

በዚህኛው ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። አንድ ልደት ላይ ፊቷን ቢራቢሮ አድርጌ የሳልኳት ልጅ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ እየሳቀች። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ምርጡ ነው። ካርዱ ሲወጣ ያየው ሁሉ «ዋው» አለ። በሰባት ኬክ ቤት አስቀመጥኩት።

በአሥረኛው ቀን እናቷ ደወለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሚስ፣ የልጄን ፎቶ ኬክ ቤት አየሁት።»

«አዎ! አያምርም?» አልኳት፤ አሁንም ይህን መልሴን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ዝም አለች። ከዚያ «ብትጠይቂኝ ኖሮ እምቢ እልሽ ነበር፤ ምክንያት አለኝ» አለች። ምክንያቷን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። «ዛሬውኑ አነሳዋለሁ» ብቻ አልኳት። ወንድሜና እኔ ሰባቱንም ኬክ ቤት ዞርን። አንዱ ጋ ግማሹ ተወስዶ አልቋል። በየማን ፍሪጅ ላይ እንዳለ እግዜር ይወቅ።

በኋላ አንድ ጠበቃ ዘመዳችን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 አሳየኝ። የሰው ፎቶ ያለ ሰውየው ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ፣ ሊሸጥ አይችልም ይላል። ሕጉ ከእኔ ዕድሜ በላይ ነው። እኔ ግን «ወላጆቹ ልደቱ ላይ ፎቶ ሳነሳ አይተውኛል፣ ፈቅደዋል ማለት ነው» ብዬ ነበር። ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ ሦስት መቶ አባዝቶ ኬክ ቤት ማስቀመጥ ሌላ። አሁን አጭር ወረቀት አለኝ፤ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ ይዘረዝራል፣ ወላጅ ይፈርማል። መፈረም የማይፈልግ ሰው ሲያጋጥመኝ «ለምን?» ብዬ አልጠይቅም። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የታወቀ ካርቱን ላድርግበት» ትሉ ይሆናል። እሱም ባለቤት አለው፤ ደግሞም ሁሉም ሰው ያንኑ ካርቱን ነው የሚለጥፈው።

ፎቶ ሳጣ ተናድጄ በሚቀጥለው ካርድ ላይ የራሴን ፊት አደረግሁበት። ቀለም የተቀባ ሽርጥ ለብሼ፣ በአንድ እጄ ብሩሽ ይዤ፣ በሌላው ጥንቸሏን አሻንጉሊት። ያደረግሁት በቸገረ ነገር ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሚደውሉ ሰዎች «ፎቶው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ የምትመጪው?» ይሉኝ ጀመር። ለካ ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ሰው ቤቱ ሊያስገባ ነው፤ ልጁን ሊያስይዝ ነው። ማን እንደሚመጣ ማየት ይፈልጋል። እኔ ካርዱን የሠራሁት ለልጆች ነበር፤ ያ ሁሉ ከረሜላ፣ ያ ሁሉ ሮዝ። ልጅ ግን አይደውልም።

ሦስተኛው ካርድ ላይ ስህተቴ ጊዜው ነበር። አምስት መቶ አሳተምኩ፣ ፊደሉ ልክ፣ ፎቶው ልክ። የበተንኩት ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስልኬ እስከ ፋሲካ ጭጭ አለ። የጾም ኬክ አለ፣ ልደት ፈጽሞ አይቀርም፤ ግን ብዙ ቤተሰብ «ከፋሲካ በኋላ እናደርገዋለን» ይላል። 55 ቀን ረጅም ነው፤ ካርዱ በዚያ መሀል ከጋዜጣ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ። በረመዳንም እንደዚያው ነው። አሁን የምበትነው የፋሲካ ሳምንት ሲቃረብ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለኬጂ ምረቃ፣ እና ነሐሴ ውስጥ ነው። ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጉትን ካርድ ግን ሐምሌ ላይ ጨርሱት። ነሐሴ ማተሚያ ቤቶች በካላንደርና በትምህርት ቤት ሥራ ይጨናነቃሉ፤ «ነገ» ይሏችኋል፣ ነገው ጳጉሜን ይሆናል።

ያው ካርድ ላይ ኪውአር ኮድ ነበረኝ። ቴሌግራም ቻናሌ ላይ የሚያደርስ። ካርዱ ከታተመ በሦስተኛው ሳምንት የቻናሉን ዩዘርኔም፣ ሊንኩ ላይ ያለውን ስም፣ «ለማሳመር» ለወጥኩት። ኮዱ ሞተ። ሌላ ምን ልበል።

በዚያ ጾም ሥራ ስላልነበረኝ ማሰቢያ ጊዜ አገኘሁ። የደንበኞቼን መልእክቶች ቁጭ ብዬ መልሼ አነበብኩ። አንዷ እናት ከልደቱ በኋላ የጻፈችልኝ ነበር፦ «ሚስ፣ በልጄ ልደት ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የምሸጠው ጃምፒንግ መስሎኝ ነበር። እሷ የገዛችው ግን ያንን ስኒ ቡና ነው።

አራተኛው ካርድ ፊት ለፊቱ የእኔ ፎቶና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እርስዎ ከእንግዶችዎ ጋር ቡናዎን ይጠጡ፤ ልጆቹን ለእኛ ይተዉልን።» ጽሑፉ አንድ ፎንት ነው። ዳራው ነጭ ነው። ወንድሜ «ባዶ ሆነ» አለኝ። ይሁን አልኩት።

ጀርባው ላይ ሰዎች ደውለው በተደጋጋሚ የሚጠይቁኝን መልስ ጻፍኩ። ለስንት ዓመት ልጆች እንደሆነ። ስንት ሰዓት እንደምንቆይ። ዋጋው ከስንት እንደሚጀምር፤ ዋጋ መጻፍ ያስፈራል፣ ግን ካልጻፋችሁ ሰው «ውድ ይሆናል» ብሎ አይደውልም። ጃምፒንጉ 5 በ5 ሜትር ደልዳላ ቦታ እንደሚፈልግ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኩን ኮሚቴ ቀድሞ ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ። ከታች ደግሞ አንድ መስመር፦ «መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ይዘን እንመጣለን።» ጃምፒንግ የሚነፋው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ላዩ ላይ እያሉ መሟሸሽ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሰሚት ሰፈር ደርሶብኝ አሥራ አራት ልጅ አንድ በአንድ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ያንን ያየች እናት ይህን መስመር ስታነብ ሌላውን አታነብም። «ጀነሬተር አላችሁ የተባለው እናንተ ናችሁ?» ብለው የሚደውሉልኝ ብዙ ናቸው። በእኔ ካርድ ላይ ገንዘብ ያመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ዲዛይን አይደለም።

ፊቱን ላሚኔት አስደረግሁት፣ ጀርባውን ግን እንዲሁ ተውኩት፣ በእስክሪፕቶ እንዲጻፍበት። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው፣ አይታጠፍም። ልደት ላይ ስሄድ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው ጽፌ እሰጣለሁ። ሰዓት ስትጽፉ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ከውጭ የመጣ ቤተሰብ 8 ሰዓትን ጠዋት አድርጎት ኬኩን በማለዳ አስቆርሷል፤ እኔ ስደርስ ልጆቹ ተኝተዋል።

የት እንደምበትን ለማወቅ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ጥግ ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ቀለም ነጥብ አደረግሁ። ሰው ሲደውል «ጥጉ ላይ ያለችው ነጥብ ምን ዓይነት ናት?» እላለሁ። ትምህርት ቤት በር ላይ የበተንኩት ምንም አላመጣም፤ ጥበቃው አባረረኝ፣ ልጆቹም ካርዱን ቦርሳቸው ውስጥ ከብርቱካን ጋር አኖሩት። ኬክ ቤት ትንሽ ይሠራል፣ ግን ሰው ኬክ የሚያዘው ልደቱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ የእኔ ቅዳሜ ያኔ ተይዟል። ያልጠበቅሁት አረንጓዴዋ ነጥብ ናት፦ የሴቶች ፀጉር ቤት። እናት ካስክ ውስጥ ገብታ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። ስልኳ ባትሪው አልቋል። ፊት ለፊቷ አንድ ካርድ አለ። ጀርባውን ሳይቀር ታነበዋለች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችውን «ይቺን ታውቂያታለሽ?» ትላለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ልደቱ ሲያልቅ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ልጁ ነብር ሆኖ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ትንሽ ልቆይ» እያለ ያለቅሳል። ያኔ ካርዱን ለልጁ ሳይሆን ለእናትየው በእጇ ስጧት። ስትሰጡም ብዙ አታውሩ።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ በመጨረሻ ጥቅም ተገኘለት። ያ የጠላሁት የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ቀለም አይዝም፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ንጹሕ ይሆናል። ስለዚህ የፊት ቀለም የምደባልቅበት ሰሌዳ አደረግሁት። ባለፈው ወር አያት ሰፈር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፊቱን እየሳልኩት ካርዱን አየና በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። «ል-ጆ-ች-ዎ-ን እ-ና-ዝ-ና-ለ-ን። ሚስ፣ ለምንድነው የምታዝኑት?»

«አንድ ፊደል ጎድሎ ነው» አልኩት።

ብሩሹን ከእጄ ወሰደ። ትንሽ አሰበ። በአረንጓዴ ቀለም፣ ከመስመሩ በላይ፣ ትልቅና ጠማማ «ና» ጻፈ።